በአክዓብ ቤት የሚሠራ ሰው



ልጃችን ተመርቆ ሥራ ማግኘቱን በጉባኤ ሲመሰክር እልል እንላለን። የመጀመሪያ ደመወዙን በኩራት አድርጎ ሲያመጣም እንባርከዋለን። ከስድስት ወር በኋላ ግን “ሥራው እንዴት ነው?” ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ብንጠይቀው በሰው ፊት ስለሚያዋርደው አለቃ፣ ስላልተገዛ ዕቃ “ፈርም” ስለመባሉ፣ ወሬ አላቀብልም በማለቱ ብቻውን ስለመቅረቱ ይነግረናል። እህቶቻችን ደግሞ ከሥራ ሰዓት በኋላ ስለሚደወልላቸው ስልክ ይነግሩን ነበር። እኛ ግን ፈጥነን “ጸልዪ፣ ቻዪው” እንላለን።

መጸለይስ መጸለይ አለብን። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ከዚህ የበለጠ ያስተምረናል።

በ1ኛ ነገሥት 18 አብድዩ የሚባል ሰው እናገኛለን። ከልጅነቱ ጀምሮ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው፤ የሚሠራው ግን በአክዓብ ቤት ነው። ኤልዛቤል የጌታን ነቢያት ስታስገድል እርሱ መቶውን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ ሸሸገ፤ እንጀራና ውኃም መገባቸው። የአክዓብን ቤት በታማኝነት ያገለግል ነበር፤ በቤቱ ኃጢአት ግን እጁን አላስገባም። ኤልያስ “ሂድና ለጌታህ ንገር” ሲለው እንደ ፈራም ተጽፏል። ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ ሰኞ ጠዋት ሆድህ ቢረበሽ እምነት የለኝም አትበል።

ደግሞም አስተውሉ። አብድዩን በቤተ መንግሥት ያቆየው እግዚአብሔር ኤልያስን ከአክዓብ ፊት ሄዶ በኮራት ፈፋ እንዲሸሸግ አዝዞታል። መቆየትም መሄድም ከጌታ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ እንዴት እንለይ? ሥራው ከባድ ከሆነ፣ አለቃውም ቁጡ ከሆነ፣ በትዕግሥትና በትጋት መቆየት ያስተምራል። ሐሰት እንድትፈርሚ ከታዘዝሽ ግን በአክብሮት “ይህን ልፈርም አልችልም” በዪ። ዳንኤልም የንጉሡን መብል እንቢ ሲል ሹሙን አልተሳደበም፤ ለምኖ የአሥር ቀን ፈተና ጠየቀ። ክብርሽን የሚነካ ነገር ከመጣ ደግሞ ዮሴፍ ልብሱን ጥሎ መሸሹን አስቢ።

ሕጉንም ማወቅ መንፈሳዊነትን አይቀንስም። ጳውሎስ ሊገረፍ ሲል ሮማዊነቱን ተናግሯል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። ሥራ መልቀቅ የፈለገ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አሠሪው ሰብዓዊ ክብሩን የሚነካ ድርጊት ወይም ወሲባዊ ትንኮሳ ከፈጸመበት ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለቅ ይችላል፤ ይህ ሲደርስ ሳይዘገዩ የሕግ ምክር መጠየቅ ይገባል። የተባለውን፣ ቀኑንና የነበሩትን ሰዎች በደብተር መዝግቡ። ይህ ቂም መያዝ አይደለም፤ እውነትን መጠበቅ ነው።

ባለትዳሮች ሆይ፣ የቢሮው መርዝ ወደ ቤት እንደሚገባ ታውቃላችሁ። አለቃውን መመለስ ያልቻለ ባል በእራት ላይ ሚስቱን ይቆጣል። ሚስትም “ታዲያ ለምን አትለቅም?” ትላለች፤ እርሱ ደግሞ የቤት ኪራዩን እያሰበ ዝም ይላል። እባካችሁ፣ ከእራት በኋላ ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ ተደማመጡ። ሌላ ሥራ እስኪገኝ ስንት ወር መቆየት እንደምትችሉ፣ ከወጪ ምን እንደሚቀነስ አብራችሁ ጻፉ። ቤቱ ተስማምቶ ከጠበቀው፣ ያ ሰው በማግስቱ “አልፈርምም” ለማለት አቅም ያገኛል።

ቤተ ክርስቲያንም ድርሻ አላት። እውነትን በመናገሩ ከሥራ የወጣውን ወጣት “ምን አጥፍቶ ነው?” እያልን አናሽሟጥጠው። በመካከላችን ቀጣሪዎች አሉ፤ ሥራ የሚያፈላልጉም አሉ። አብድዩ የተሸሸጉትን እንደ መገበ እኛም ወንድማችንን ለጥቂት ወራት ልንደግፈው እንችላለን። ድርጅት ያላችሁ ወገኖች ደግሞ፣ በእናንተ ቢሮ የተቀጠረው ወጣት አመሻሹ ላይ ምን እያለ እንደሚጸልይ ራሳችሁን ጠይቁ።

በዚህ እሑድ ከጉባኤ ስትወጡ አንዱን ወጣት ያዙና “ሥራህ እንዴት ነው?” በሉት። ሳትቸኩሉም አድምጡት። ጌታ በአክዓብ ቤት ያሉ ልጆቹን ሁሉ ይጠብቅ። አሜን።