ደህናው አውራ ለዘር ይቅር!

ፋሲካ ሲቃረብ ነጋዴው እዚህ መንዝ፣ መሐል ሜዳና ሞላሌ ገበያ ይደርሳል። እጁ አይሳሳትም። ወገቡን ጨበጥ፣ ላቱን መዘን አድርጎ፣ ከመንጋው ሁሉ ፈጥኖ ያደገውን ወንድ ጠቦት ነጥሎ ያወጣል። እኛም እንሸጥለታለን፤ ዋጋው ደህና ነው፣ የልጅ ደብተርና ማዳበሪያ ይገዛበታል። ጉረኖ ውስጥ የሚቀረው ግን የትኛው ነው? ነጋዴው የናቀው! የመጪውን ዓመት ግልገሎች የሚያስወልደው ያ ኮስማናው አውራ ነው።

ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ በክረምት ችግር እንኳ የማይነካ ገበሬ የበጉን ዘር በየዓመቱ ለገበያ ያወጣል። ከስንፍና አይቆጠርብን፤ አንድ ሰው ብቻውን ሊያቆመው አይችልም። እኔ ምርጥ አውራዬን ባቆይ፣ በጋራ ግጦሹ ላይ የጎረቤቴ ተራ አውራ ቀድሞ በጎቼን ያጠቃል። ጠቦት ከአምስት ከስድስት ወሩ ጀምሮ ማስረገዝ ይችላልና፣ ዘር የማሻሻል ሥራ መንደሩ በሙሉ ካልተስማማ አይሆንም።

መስማማት እንደሚቻል ደግሞ እዚሁ መንዝ ታይቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 አርቢዎች ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ከዓለም አቀፎቹ የምርምር ተቋማት ከኢካርዳና ከኢልሪ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ጀመሩ፤ በቦንጋና በሆሮም እንዲሁ። ግልገል ሲወለድ የጆሮ ቁጥር ይደረግለታል፣ እናቱና የተወለደበት ቀን ይመዘገባል። ሦስት ወር ሲሞላው፣ ኋላም ስድስት ወር ሲሞላው ተንጠልጣይ ሚዛን ላይ እየተንፈራገጠ ይመዘናል፤ የመንደሩ ልጅ ክብደቱን ደብተር ላይ ይጽፋል። ተመራማሪዎቹ ከዚያ መዝገብ የአውራውን የዘር ብልጫ ያሰላሉ፤ የራሱ ክብደት ብቻ ሳይሆን የዘመዶቹም ይታሰብለታል። በምርጫው ቀን ግን የመጨረሻው ቃል የአርቢዎቹ ነው፤ ቀለሙን፣ ላቱን፣ ቁመናውን አይተው ይወስናሉ። የተመረጠው ለቡድኑ ይቀራል። ያልተመረጠው ይኮላሻል ወይም ሰብቶ ይሸጣል። አውራው የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃም ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ይዛወራል።

በዚህ መንገድ በማሻሻያው የታቀፈው የመንዝ በግ የስድስት ወር ክብደት በዘር ብቻ በዓመት 100 ግራም ገደማ ጨምሯል። ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል፤ ድርቆሽ ሲያልቅ የሚከሳ ክብደት አይደለማ! ወደ ልጅ፣ ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳል፣ በየዓመቱ ይደራረባል። ያውም ውርጩንና የመኖ እጥረቱን በለመደው በራሳችን በግ።

ዘር ያለ መኖ እንደማይሆን አርቢ ሁሉ ያውቃል። በግ አምስት ወር ታረግዛለች፤ ጽንሱ አብዛኛውን ክብደት የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው። ያን ጊዜ ገለባ ብቻ የበላች እናት ደካማ ግልገል ትወልዳለች፣ ጡቷም አይሞላም። ድርቆሹን በጊዜው እንጨድ፣ በየአጥሩ ትሪ ሉሰርን የተባለውን የመኖ ዛፍ እንትከል፣ ፉርሽካና ፋጉሎ በጋራ ገዝተን ለእርጉዟ እናስቀድም።

እንግዲህ በየጎጣችን እንሰብሰብ! አንድ ጥሩንባ ሲነፋ ለቀብር ነቅለን የምንወጣ የዕድር ሰዎች ነን፤ አውራ ለመምረጥ መሰብሰብ እንዴት ያቅተናል? ያልተመዘነ ወንድ ጠቦት ለገበያ እንዳይወጣ ደንብ እንጻፍ። ምርጡን ያቆየ ሰው የፋሲካ ገንዘቡን ሊያጣ አይገባምና፣ አውራውን የሚገዛ ተዘዋዋሪ ገንዘብ እናዋጣ። አዲስ አበባና ውጭ አገር ያላችሁ የመንዝ ልጆች፣ ለቤተሰብ የበዓል ገንዘብ ስትልኩ ለአውራ መግዣውም ጨምሩበት። የግብርና ባለሙያዎች፣ ሚዛኑን ይዛችሁ ኑ። ተመራማሪዎች፣ የአውራዎቹን ዝርዝር ከምርጫው ቀን በፊት አድርሱልን፤ ከፋሲካ በኋላ የመጣ ዝርዝር የተሸጠ አውራ አይመልስም። ወጣቶች፣ መዝገቡ በእናንተ እጅ ይሁን።

የመጀመሪያው ስብሰባ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይደረግ። በዚያው ቀን ሊቀመንበር፣ ገንዘብ ያዥና መዝጋቢ እንምረጥ፤ በማግስቱ ከመጀመሪያው ጉረኖ መመዘን እንጀምር!