ወንድም ጋሼ በዓመት ሰባት ቀን ገዛ!

«የዳንግላ ልጅ ነኝ፡፡ ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ ከገባ 11 ዓመቱ ነው፡፡ እግዜር ይስጠው፣ እናታችንን የሚጦራት እሱ ነው፡፡ የመጣው ግን አንዴ ብቻ ነው፤ አሁን አሁን ‹መንገዱ ይረጋጋ› ይላል፡፡ ሰሞኑን ደውሎ ‹ፍሎሪዳ የመዝናኛ ቤት ገዛሁ፣ እማዬን ወስጄ አሳርፋታለሁ› አላት፡፡ እሷም ቡና ላይ ለጎረቤት ሁሉ አወራች፤ እንኳን ደስ አለሽ ተባለች፡፡ ማታ ለኔ ለብቻዬ ደውሎ ‹ቤቱ የኛ የሚሆነው በዓመት አንድ ሳምንት ነው› አይለኝ መሰላችሁ! ዋጋው 18,000 ዶላር፣ አብዛኛው በብድር፡፡ በዚያ ላይ በየዓመቱ 1,100 ዶላር ይከፍላል፡፡ ቤት ነው የገዛው ወይስ ተሸውዶ ነው? ለእናቴስ ምን ልበላት?»

እህቴ፣ መልእክትሽ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው፡፡ ጋዜጣው እስኪወጣ የሚጠብቅ ጉዳይ ስላልነበረ ወዲያው ደውዬልሻለሁ፡፡ የተነጋገርነውን እዚህ የማወጣው እንዳንቺ ወንድም ያላቸው ብዙ ስለሆኑ ነው፡፡

ወንድምሽ የገዛው «ታይም ሼር» ይባላል፡፡ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1960ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ተጀምሮ በኋላ አሜሪካ ውስጥ የገነነ ንግድ ነው፡፡ አንዱን የመዝናኛ ክፍል ዓመቱን በሳምንት በሳምንት ሸንሽነው ለሃምሳ ሰው ያህል ይሸጡታል፡፡ የኛ አገር ሰው ይህን ከመስኖ ውሃ ተራ በተሻለ የሚገባው የለም፡፡ ቦዩ የጋራ ነው፣ ተራህ ሲደርስ ታጠጣለህ፤ ሳትመጣ ከቀረህ ውሃው ይሄዳል፣ ማንም አይመልስልህም፡፡ ቦይ ጠረጋው ግን አይቀርልህም! አጠጣህም አላጠጣህም የውሃ አባቱ ይጠራሃል፡፡ ያ 1,100 ዶላር ቦይ ጠረጋው ነው፡፡ ደግሞ እዚያው አይቆምም፣ በየጊዜው ይጨምራል፡፡ በኮሮናው ዓመት ብዙዎች ከቤታቸው ሳይወጡ ከፍለዋል፡፡

ተሸወደ ወይ ላልሽው፣ ንግዱ በዚያ አገር ሕጋዊ ነው፡፡ አሻሻጡ ላይ ግን ብልጠት አለበት፡፡ በርካሽ ሆቴል እናሳድርዎ፣ እራት እንጋብዝዎ ይሉሃል፡፡ በምላሹ «አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ያዳምጡን» ነው፡፡ ወንድምሽ የገባው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ የወጣው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፡፡ ያውም «ዋጋው ለዛሬ ብቻ ነው» እየተባለ፡፡ ዛሬ ብቻ የሚሸጥ ነገር ሲያጋጥመኝ እኔ ነገ ነው የምመጣው፡፡

አሁን ሒሳቡ፡፡ እኔ ከ12ኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ለዚህ ግን አራተኛ ክፍልም ይበቃል፡፡ ወንድምሽን እንዳስጠየቅሽው፣ ያው ክፍል ለተከራይ በቀን 200 ዶላር ገደማ ነው፡፡ ሰባት ቀን 1,400 ዶላር ማለት ነው፡፡ ባለቤት ነኝ ብሎ የሚከፍለው 1,100 ነው፡፡ እንግዲህ በመግዛቱ በዓመት የሚያተርፈው 300 ዶላር መሆኑ ነው፡፡ 18,000 ለ300 ሲካፈል ስንት ይሆናል? 60! የከፈለው እስኪመለስለት 60 ዓመት፣ ያውም አንድም ዓመት ሳይቀር ከሄደ፣ ክፍያውም ካልጨመረ ነው፡፡ የብድሩን ወለድ ደግሞ ገና አልነካሁትም፡፡ ወንድም ጋሼ አሁን 41 ዓመቱ ነው፡፡

«ሳምንቱን ከሌላ ቦታ ጋር መለወጥ ይቻላል» ተብሏል፡፡ እውነት ነው፣ እንደ አር.ሲ.አይ. ያሉ የሚያለዋውጡ ድርጅቶች አሉ፤ አባልነቱም ልውውጡም ያስከፍላል፡፡ ችግሩ ሰው ሁሉ የሚፈልገው አንድ ሳምንት መሆኑ ነው፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወይም ለገና፡፡ ጥር 23 እንጅባራ የነበረ ሰው ይህን አይጠይቀኝም፡፡ የአገው ፈረሰኞች በዓል የደረሰ ለታ አልጋ ፈልጎ የሚንከራተተው እንግዳ ብዛቱ! ሳምንቱ ሲያልፍ ያው ሆቴል «ግቡ፣ ግቡ» ይላል፡፡ የኛ ቤት ያን ቀን ዘመድ ወለል ላይ ያድራል፤ እናቴም አኩርፋ አታውቅም፡፡

በየዓመቱ ሳያሰልስ አንድ ቦታ የሚሄድ፣ ያለ ብድር የሚከፍል ሰው ቢገዛ አይከፋኝም፤ ደስተኞችም አሉ፡፡ እሱም ቢሆን ከሁለተኛ እጅ ይግዛ፡፡ ባለቤቶቹ ከዓመታዊው ክፍያ ለመገላገል ሲሉ በአንድ ዶላር የሚለቁበት ጊዜ አለ (አንድ ዶላር ነው ያልኩት!)፡፡ ይህን ሲሰሙ «እኛ እንሸጥልዎታለን፣ ቅድሚያ ይክፈሉ» ብለው የሚደውሉ አጭበርባሪዎች ስላሉም የአሜሪካ መንግሥት ዜጎቹን ያስጠነቅቃል፡፡ ለሌላው ሰው መከራየት ይበልጣል፡፡ ሳምንቱን ያልተጠቀመበት ባለቤት ራሱ በርካሽ ያከራየዋል፡፡

ማክሰኞ ያስደወለኝ ግን ሌላ ነው፡፡ በፍሎሪዳ ሕግ ታይም ሼር የገዛ ሰው እስከ አሥረኛው ቀን ያለ ምንም ምክንያት መሰረዝ ይችላል፡፡ ቀኑ የሚቆጠረው ከፈረመበት ወይም የመጨረሻውን ሰነድ ከተቀበለበት ነው፤ የዘገየው ይወሰዳል፡፡ እሑድም ይቆጠራል፡፡ መሰረዙ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ በስልክ «ተውኩት» ማለት ዋጋ የለውም፡፡ «መብቴን ትቻለሁ» ብሎ ፈርሞ ቢሆን እንኳ አያስረውም፡፡ ሌላው ክፍለ ግዛት የየራሱ ቀን አለው፣ ኔቫዳ ለምሳሌ አምስት ቀን ብቻ ነው የሚሰጠው፡፡ ማክሰኞ ለወንድምሽ ስድስተኛው ቀኑ ነበር፡፡

እናትሽን ስለማሳረፉ አንድ ነገር ልጨምር፡፡ ፍሎሪዳ ሳምንት መግዛት ለእናት ቪዛ አያስገኝም፡፡ ቆንስሉ ከከለከላት ክፍሉ ባዶውን ይቆያል፣ ክፍያው ይቀጥላል፡፡ መንገዱን በተመለከተ ወንድምሽ ሰበብ ነው የሚደረድረው አልልም፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልላችን ያየውን ሁላችንም እናውቃለን፡፡ ግን ያ 1,100 ዶላር ርካሽ ወቅት ለጠበቀ ሰው ለአዲስ አበባ የደርሶ መልስ ትኬት የሚጠጋ ገንዘብ ነው፡፡ ዳንግላ መድረስ ካልሆነለት እሷ ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ሄዳ አዲስ አበባ ትጠብቀው፡፡ አንድ ሳምንት እዚያ ቤት ቢከራይላትስ?

ለእናትሽ አንቺ እንዳትነግሪያት፡፡ ለጎረቤት ያወራችው ልጇ የነገራትን ነው፣ የሚመልሰውም እሱ ይሁን፡፡ «ቤቱን ተውኩት» ከማለቱ በፊት የሚመጣበትን ወር ይንገራት፤ ወሩን ሳይዝ ግን አይደውል፡፡

ደብዳቤውን በስምንተኛው ቀን በአደራ ፖስታ ልኳል፤ የደረሰኙን ፎቶ አይቼዋለሁ፡፡ ለእናቱ ግን እስከ ትናንት ማታ አልደወለም፡፡