ከብርካው በፊት ተዳፋቱ ይታሰብ

እንደሚታወቀው በሸደርና በአካባቢው በጂላል ወራት፣ ማለትም በበጋው ደረቅ ጊዜ፣ ከምግብ ይልቅ የሚያስጨንቀው ውሃ ነው። ብርካው ሲነጥፍ ሴቶችና ልጆች በአህያ ጀሪካን ጭነው ይንከራተታሉ። ከብቱም ይከሳል። ችግሩ በየዓመቱ በስብሰባ ሲነሳ የሚቀርበው ጥያቄም ያው ነው፤ ተጨማሪ ብርካ ይሠራ፣ ካልሆነም ውሃ በቦቴ ይምጣ የሚል። ይህ ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም ግማሽ መፍትሔ ብቻ መሆኑን የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊያጤኑት ይገባል።

ሸደር በሶማሌ ክልል በፋፈን ዞን በአውበሬ ወረዳ ትገኛለች። የጅጅጋ አካባቢ ደጋማ ሜዳ 1 ሺህ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ከደቡቡ ቆላ ይልቅ ነፋሻና ለእርሻ የተመቸ ነው። ገበሬው ማሽላ፣ በቆሎና ስንዴ ይዘራል፤ ላም፣ ግመል፣ በግና ፍየል ያረባል። ዝናቡም ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ጉ በበልግ፣ ካራን በክረምት። ከሁለቱ አንዱ ሲዘገይ ማሽላው ይጠወልጋል፣ ሁለቱም ሲቀሩ ከብቱ ያልቃል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ ዝናብ በተከታታይ በተጓደለ ጊዜ የሶማሌ ክልል አርብቶ አደር ምን ያህል ሀብት እንዳጣ የሚረሳ አይደለም።

ዝናብን ማዘዝ የማንም ሥልጣን አይደለም። የወረደውን ማስቆም ግን የሰው ሥራ ነው። ለዚህም ከሩቅ አገር የሚጠቀስ ምሳሌ አለ።

ሲኪም በሂማላያ ተራሮች ላይ የምትገኝ ትንሽ የሕንድ ግዛት ናት። ሕንድን የተቀላቀለችው በኢትዮጵያ የገጠር መሬት አዋጅ በወጣበት በ1967 ዓ.ም. ነው። ከዓለም በከፍታ ሦስተኛ የሆነው የካንቼንጁንጋ ተራራ፣ 8 ሺህ 586 ሜትር፣ በድንበሯ ላይ ይቆማል። ገበሬዋ በተዳፋት ላይ እርከን ሠርቶ ሩዝና በቆሎ ያመርታል፤ ለገበያ ደግሞ ዝንጅብል፣ ብርቱካንና የኮረሪማ ዘመድ የሆነውን ትልቁን ሄል ያቀርባል። በ2008 ዓ.ም. እርሻዋ በሙሉ ያለ ኬሚካል ማዳበሪያ የሚካሄድ መሆኑ ታውጇል።

የሲኪም ዝናብ ከጅጅጋው ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ይሁንና አብዛኛው የገጠር ሕዝቧ የሚጠጣው የምንጭ ውሃ በበጋ ይደርቅ ነበር። ምክንያቱ ዝናቡ በጥቂት ወራት ወርዶ በተራቆተው ተዳፋት ላይ እየተንደረደረ ስለሚያልፍ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ዳራ ቪካስ በተባለው ፕሮግራም ከምንጮች በላይ ባሉ ኮረብቶች ላይ የእርከን ቦዮችና ትንንሽ ኩሬዎች ተቆፈሩ። ሥራውን የሠሩት የየመንደሩ ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ ክፍያቸውም ከገጠር የቀን ሥራ ፕሮግራም የተገኘ ነበር። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ውሃው በየትኛው ቦታ ወደ ድንጋዩ እንደሚሰርግ ተጠንቷል። ደርቀው ከነበሩት ምንጮችም ውሃ የመለሱ አሉ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ብዙ ዝናብ ያለው አገር ከተጠማ፣ ጥቂት ዝናብ ያለው አካባቢ አንዲቱንም ጠብታ በከንቱ መልቀቅ የለበትም።

እርግጥ አንድ መከራከሪያ ይነሳል። ብርካ የሚሞላው በጎርፍ ነው፤ ጎርፉ በቦይ ከተያዘ ብርካው ባዶ ይቀራል የሚል። ይህ እውነትነት አለው። ስለሆነም ለእያንዳንዱ ብርካ የሚበቃው መግቢያ ተዳፋት ተለይቶ ይተው፤ ጎርፉ ማሳ የሚሸረሽርበት የቀረው ተዳፋት ግን ይሠራ። የብርካው መግቢያም ቢሆን ሣር ካልያዘ የሚያስገባው ከውሃ ጋር ደለል ነው። በደለል የተሞላ ብርካ ደግሞ በቁጥር ብርካ ይባል እንጂ ውሃ አይዝም።

ሁለተኛው ጉዳይ ማገዶ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ሸደር የሶማሊያ ስደተኞችን አስጠግታለች። ስደተኛውም ነዋሪውም ማገዶ ያስፈልገዋል፤ ከሰል የሚያከስለውም የሚገዛውም ከሁለቱም ወገን ነው። ስለሆነም አንዱ ሌላውን መውቀሱ ዛፍ አያበቅልም። የሚያዋጣው የተከለለ ቦታ የትኛው እንደሆነ በጋራ መወሰንና በጋራ መጠበቅ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ከብት አርቢው ያልተስማማበት ክልል አንድ ወቅት እንኳ አይቆይም። ስለዚህ ከአካፋው በፊት የሽማግሌዎች ጉባኤ ይቅደም፤ የጎረቤት ቀበሌ አርቢዎችም ይጠሩ። የትኛው ኮረብታ ለስንት ጊዜ እንደሚዘጋ፣ ሣሩ ታጭዶ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ በድርቅ ጊዜ ለማን እንደሚከፈት አስቀድሞ ይነገር።

ሥራው የሚሠራበት ወቅትም የታወቀ ነው። መኸሩ ተሰብስቦ የጉ ዝናብ እስኪደርስ ያለው ጊዜ አፈሩ ደረቅ፣ የገበሬውም እጅ ከእርሻ የተፈታበት ነው። ሴፍቲኔት ባለበት ቀበሌ የሥራው ቀን ከመንገድ ጥርጊያ ተቀንሶ ለተዳፋት ሥራ ሊውል ይችላል።

ባጠቃላይ መሪዎች ወደ ወረዳው የሚወስዱት ማመልከቻ የብርካ ጥያቄ ብቻ እንዳይሆን ያስፈልጋል። ከጎኑ በራሳቸው ጉልበት የሚሠሩት ተዳፋት ዝርዝርና ሽማግሌዎች የተስማሙበት ክልል ቢቀርብ፣ ጥያቄው ክብደት ያገኛል፤ የሚሠራውም ብርካ ዕድሜ ይኖረዋል።