ዜማው ለሆቴል፣ ደብተሩ ለጆንያ

‹‹ወሎ የፍቅር አገር ነው›› የሚል ባለሥልጣን መድረክ ላይ በወጣ ቁጥር ኪሴን እዳብሳለሁ። አንድ ነገር ሊወሰድብን እንደሆነ ልምድ አስተምሮኛል። ቅደም ተከተሉ ይታወቃል። መጀመሪያ ውዳሴ፤ ቀጥሎ ጥልፍ የለበሱ ልጆች እስክስታ፤ ከዚያ አምባሰል ይንቆረቆራል፣ ባቲ ይከተላል፤ ጭብጨባ፤ ምሳ። አገሪቱ አራት ቅኝት አለኝ ብላ ስትኮራ ሁለቱ በወሎ ቦታ ስም ይጠራሉ። ዜማችን ሆቴል ይሞላል፣ ማስታወቂያ ያሻሽጣል፣ የእንግዳ አቀባበል ያደምቃል።

የሌለው ቁጣው ነው። መርሳ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ መሰንቆ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ዓይንና ጥርስ የሚያወድስ ድምፅ አይደለም። ሠርግ ዳስ ውስጥ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ እየሳቀ የሚሰደብበት ድምፅ ነው። ዳሱ ሁሉ ገብቶታል። እሱ ብቻ ዘግይቶ ይገባዋል፤ ሲገባው ደግሞ መሰንቆ መቺው በሌሊት ከሰፈር ይጠፋል። ያ ዘፈን ሆቴል አልገባም፤ አይገባምም። ዜማውን ወስደው ነገሩን ደጅ ጥለውታል።

የምለው አጭር ነው። ተቆጥቶ የዘፈነ የወሎ ሰው የጻፈው፣ ያጻፈው፣ የተጻፈበትም ወረቀት ሁሉ ተሰብስቦ ወልድያ ላይ ይቀመጥ። ደብተሩ፣ ካሴቱ፣ ከቀበሌ የመጣው መጥሪያ፣ የሠርግ ቀብድ የተመዘገበባት ብጣሽ ሳትቀር። ዛሬ ባለው አያያዛችን የዘፋኙን ወረቀት ሰብስቦ የሚያስቀምጠው ያሳደደው ሰው ብቻ ነው።

ማስረጃ? የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢጣሊያው ገዥ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ አዲስ አበባ የሆነችውን ሁላችንም እናውቃለን። መጋቢት 10 ቀን ያው ግራዚያኒ ወደ ሮም ቴሌግራም ላከ። በከተማውና በዙሪያው ያሉ እየዞሩ የሚዘፍኑና ተረት የሚያወሩ፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና ጠንቋዮች ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙን፣ እስከዚያች ዕለትም 70 መገደላቸውን አሳወቀ። ወሬ እየነዙ ሕዝቡን ያሸብራሉ ነው ክሱ። ቴሌግራሙ አልጠፋም፤ የታሪክ ሰዎች ደጋግመው ጠቅሰውታል። ገዳዩ ቆጥሮ፣ ጽፎ፣ ፋይል አድርጎ አለፈ። ከሟቾቹ የደረሰን ግን ይኸው ቁጥር ነው። ስም የለው፣ ግጥም የለው። ጠላት የመዘገበውን ያህል እንኳ መመዝገብ ያልቻለ ወገን ሐውልት ሥር አበባ ሲያስቀምጥ ትንሽ ሊከብደው ይገባ ነበር።

ወደ አገሬ ወደ የጁ ልምጣ። በ1940 ዓ.ም. ግድም የየጁ ገበሬ ተነሥቶ ነበር። የባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ የገለጠ ያገኘዋል። ገበሬ ሲያምፅ በዝምታ አያምፅም፤ ያቅራራል፣ ይሸልላል፣ ሴቶቹ ፈሪውን ይሰድባሉ። አመፁ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ አገኘ። ቀረርቶውን ከየትኛው መደርደሪያ ላውጣላችሁ?

እዚህ ላይ አንድ የተማረ ሰው እጁን አውጥቶ ‹‹አዝማሪ በቃል እንጂ በወረቀት አይሠራም፤ የምን ሰነድ ነው የምታወራው?›› ይለኛል። ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ወሎን የማያውቅ ሰው ወሬ ነው። ሸህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ማን ነበሩ? በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ አጼ ዮሐንስ የወሎን እስላም በግድ ሃይማኖቱን ሲያስለውጡ አልገዛም ብለው የተነሡ ሰው ናቸው። ጦር መዘዙ፤ ግጥምም ጻፉ። በአማርኛ፣ በዐረብኛ ፊደል፣ እኛ ዐጀሚ በምንለው ጽሕፈት። ነፍሱን ይማረውና ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ ዕድሜውን በወሎ እስልምና ታሪክ ላይ ሲያፈስ የኚህን ሰው ሕይወት ለብቻው ጽፎታል። የወሎ መንዙማ በድቤ ይባላል፣ ወዳጃ በሚባለው የጋራ ዱዓ ላይ ይባላል፣ ግን ደግሞ ይጻፋል። በየጁ ምድር ዳናን የመሰለ የዕውቀት ቤት እያለ ‹‹የቃል ባህል›› ብሎ ነገሩን መዝጋት ስንፍናን በጥናት ስም መጠቅለል ነው።

የመሰንቆ መቺውም ቢሆን ወረቀት አለው። አይቻለሁ።

ከውርጌሳ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ መንደር፣ ባላቸው መሰንቆ መቺ የነበሩ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም። ሟቹ ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር፤ የሚጽፍላቸው ስድስተኛ ክፍል የነበረች ልጃቸው ናት። ስለዚህ ደብተሩ የሁለት ሰው ነው። ከፊት በኩል የሒሳብ የቤት ሥራ፣ የአስተማሪው ቀይ እስክሪብቶ፣ ሦስት ኤክስ፣ አንድ ራይት። ገልብጣችሁ ከኋላ ስትጀምሩ የአባቷ ግጥም፣ በዚያው በልጅ እጅ ጽሑፍ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ነው። መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ጭኖ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ መተከል ያሰፈረበት ዘመን። በዚያ መንደር የሰፈራውን ዝርዝር የሚይዘው ሊቀመንበሩ ነው፤ ግጥሙም ስለ ዝርዝሩ ነው። ማን በውድ ሄደ፣ ማን በቂም ተጻፈ።

አንዷ ስንኝ ላይ ብዙ ቆየሁ። መጀመሪያ የሊቀመንበሩ ስም ነበር። ተሰርዟል፤ በላዩ ላይ ‹‹ጅቡ›› ተጽፏል። እሱም ተሰርዞ ‹‹ዘመኑ›› ተብሏል። ስሙ ለጓደኛ፣ ጅቡ ለሠርግ፣ ዘመኑ ለቀበሌ ስብሰባ። ሰው በፍርሃት ውስጥ ሆኖ እንዴት እንደሚያስብ፣ የቱ ጋ እንደሚደፍርና የቱ ጋ እንደሚያፈገፍግ በአንዲት መስመር ላይ ተቀምጧል። ካሴት ይህን አያሳያችሁም። ካሴቱ ላይ ያለው ‹‹ዘመኑ›› ነው፤ ሰሚው የዘመን እንጉርጉሮ መስሎት ራሱን ይነቀንቃል። ደብተሩ ነው ሰውየውን የሚያጋልጠው። በሁለት ገጾች መካከል ደግሞ ‹‹በቀበሌው ጽ/ቤት እንዲቀርቡ›› የሚል ማኅተም ያረፈበት ቁራጭ አለ። ቀረቡ፤ ታሰሩ፤ ከርመው ወጡ።

‹‹እትዬ፣ ይህን እስከ ዛሬ እንዴት አቆዩት?›› አልኋቸው።

‹‹ጦርነቱ ጊዜ ከጓሮ ቀበርኩት፣ ልጄ። ሰው የሚቀብረው ወርቅ ነው፤ እኔ የልጄን ደብተር ቀበርኩ›› አሉና ሳቁ። ጥጉ ረጥቦ ቀለሙ ሰማያዊ ደመና ሠርቷል። አሁን ያለው ጆንያ ውስጥ ነው፤ ክራቸው ከተጎለጎለ ካሴቶች ጋር።

ተስማምተን ገጾቹን በስልኬ አንስቼ አንድ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የት እንደሆነ መናገሩ አያስፈልግም፤ ሌላ ጋ ብሄድም መልሱ ያው ነበር። ኃላፊው ጎልማሳ ነው፣ ትሑት ነው፣ ሻይ አዘዘልኝ።

‹‹ሟቹ ሽልማት አላቸው?››

‹‹ታስረዋል።››

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀጥሎ፣ ‹‹ጋሼ፣ ይኼ ቅርስ ለመባል ዕድሜው ገና ነው፤ ደግሞ ፖለቲካም አለበት። ስንኞቹን አስተካክለው ቢያመጡልን ለፌስቲቫሉ ይሆነናል›› አለኝ። አስተካክለው! ሟቹ ራሳቸው ሁለት ጊዜ አስተካክለውታል እኮ፤ በፍርሃት። ሦስተኛውን እርማት እኔ በነፃነት እንድፈጽም ተጋበዝኩ። በንጉሡም በደርግም ጊዜ የዘፈን ግጥም ለሳንሱር ይቀርብ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ሳንሱር በአዋጅ ቀረ ተባልን። የቀረው ቢሮው ነው፤ እርማቱ ወደ ባህል ፌስቲቫል ተዛውሯል።

ነገሩ የድሮ ብቻ ቢሆን እንዲህ አልጮህም። ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ፣ ወልድያ ላይ ታቦት ያጀቡ ወጣቶች መንግሥትን የሚቃወም ዘፈን ዘፈኑ። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ቢያንስ 7 ሰዎች መገደላቸውን ገለጸ። ተቃውሞው ወደ ቆቦ፣ ወደ መርሳ ወረደ፤ እዚያም ሰው ሞተ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም.፣ ዩኔስኮ የኢትዮጵያን የጥምቀት በዓል በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበ። ደስ ብሎኛል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤቴ ደስ ብሎታል። ግን በዚያ በዓል ላይ በዘፈን ምክንያት የሞቱት ልጆች ምን ሲሉ ነበር የተመቱት? ግጥሙ በማን ተደረሰ? ማን ተቀበለው? የዘፈኑ መዝገብ ያለው በልጆች ስልክ ውስጥ ነው። ያ ስልክ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስንት ኬላ ተፈተሸ? ተሳፋሪው ከመኪና ሳይወርድ የሚሰርዘው መጀመሪያ ዘፈን ነው። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከጎኔ የተቀመጠ ልጅ ፎቶውን ትቶ ድምፁን ይሰርዛል። እኔን ሲያየኝ ፈገግ አለ፤ እኔም የራሴን ስልክ አወጣሁ።

‹‹እንግዲያውስ አዲስ አበባ ይሂድና ይቀመጥ›› የሚሉ አሉ። ወመዘክር አለ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፤ ከወልድያ ይልቅ እዚያ ይደላዋል ይላሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ ሆስፒታሉ ተዘረፈ፤ ይህን የሚረሳ የለም። ነገር ግን የዚህ መልሱ ቅጂ እንጂ ስደት አይደለም። ቅጂው አዲስ አበባም ይሂድ፣ ባሕር ዳርም ይሂድ፤ ዋናው እዚሁ ይደር። እዚሁ ሐብሩ ወረዳ ውስጥ የተጻፈን ስድብ ለማንበብ የሐብሩ ልጅ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጦ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ አዲስ አበባ ላይ መንከራተት የለበትም።

የሰው አገር ዘፋኝስ? አሜሪካዊው ዉዲ ገስሪ ስለ ተፈናቃይ ገበሬና ስለ ሠራተኛ የዘፈነ ሰው ነበር። የተወለደባት ኦክላሆማ ኮሙኒስት ነው ብላ ለረዥም ጊዜ ፊቷን አዞረችበት። ወረቀቱን ቤተሰቦቹ ይዘው ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2011 የዚያችው ኦክላሆማ አንድ ፋውንዴሽን በ3 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶት በ2013 ተልሳ ከተማ ላይ ቤት ተከፈተለት። ዛሬ ማስታወሻ ደብተሩን ተማሪ እየገለጠ ያጠናዋል። ሚሊዮኑን እርሱት። ልብ በሉልኝ፣ የሰደበችው አገር ናት የመለሰችው።

እኛም ዘንድ የተረፈው በቤተሰብ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ግድም ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ የልጅ ኢያሱ ወዳጅ በመሆናቸው በኋላ መከራ አዩ። ግጥማቸው ‹‹ሰምና ወርቅ›› ተብሎ ለመጽሐፍ የበቃው ይድነቃቸው ተሰማን የመሰለ ልጅ ስለ ነበራቸው ነው። የእኔዋ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ይድነቃቸውን አትሆንም፤ ትምህርቷን አቋርጣ ጅዳ ሄደች። ፈቃደ አዘዘ ደግሞ ሰሜን ሸዋ ወርዶ የረሃብን ግጥም ከገበሬው አፍ ለቅሞ እ.ኤ.አ. በ1998 በመጽሐፍ አወጣ። አንድ ሰው፣ ቴፕና ትዕግሥት። የረሃቡ መናኸሪያ በነበረችው ወሎ ላይ ይህን ለመሥራት አሁን ስንት ኮሚቴ ይቋቋም?

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ አንተን ነው። መርሳ ላይም ግቢ አለህ። አንድ ክፍል፣ አንድ ስካነር፣ ዐጀሚ የሚያነብ አንድ ሼህ በደመወዝ፣ ካሴት የሚጠግን አንድ ባለሙያ። ተማሪህ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣሁ እያለ ከሌላ ሰው ሲገለብጥ ከምትቀጣው ወደ አያቱ ቤት ላከው፤ ጆንያ አይጠፋም። ለሕይወት የሚያሰጋው ለጊዜው ታሽጎ ይቀመጥ፤ የሚከፈትበት ዓመት ይጻፍበት፤ ቁልፉ ግን በካቢኔ እጅ አይግባ።

ማሸጉ ላይ ግን ሴትዮዋ አልተስማሙልኝም። ‹‹እትዬ፣ የሊቀመንበሩ ልጆች እዚሁ አገር ናቸው፤ ስሙን ሸፍነን እናስቀምጠው›› ብዬ ነበር። ‹‹አብሽር፣ ልጆቹን እኔው አበላለሁ፣ አጠጣለሁ፤ ቡና የምንጠራራ ጎረቤት ነን›› አሉኝ። ‹‹ስሙን ግን አትነካትም። ባሌ የታሰረባት ናት።›› ሕግ አዋቂው የፈለገውን ይበል፣ እኔ ከሳቸው ጋር ነኝ።