ሰሊጡ ቶኪዮ፣ ራቱ መተማ

በጃፓን ዋና ከተማ በቶኪዮ ከስምንትና ከአሥር ሰው በላይ የማይዙ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ብዙ ናቸው። ደንበኛው ባንኮኒው ላይ ይቀመጣል፤ አብሳዩ ከፊቱ ቆሞ ዓሣውንና አትክልቱን በቀጭን ሊጥ እየነከረ ይጠብስና አንድ በአንድ ያቀርብለታል። ቴምፑራ ይባላል። በቶኪዮ የቆየ ልማድ የሚጠበሰው በሰሊጥ ዘይት ነው። በታወቁት ቤቶች ራቱ ርካሽ አይደለም፤ ቢሆንም ደንበኛ አይጠፋም።

ጃፓን ይህን ሰሊጥ አታመርተውም። የምትፈልገውን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውጭ ትገዛለች። ሻጮቿ በአብዛኛው የአፍሪካ አገሮች ሲሆኑ ኢትዮጵያም አንዷ ናት። የቶኪዮ ራት ለመተማ፣ ለቋራና ለምዕራብ አርማጭሆ ነጋዴ የገበያ ወሬ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የመተማ ዮሐንስም ራት ከዚያኛው ብዙ የራቀ አይደለም። የቆላው ሙቀት በረድ ሲል አግዳሚ ወንበሮች ደጅ ይወጣሉ። የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ደላላውና የቀን ሠራተኛው ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ፉሉ ከድስት ሲጨለፍ እያዩ ይበላሉ። ልዩነቱ ዘይቱ ላይ ነው። ከድንበሩ ማዶ ሱዳኖች ፉላቸው ላይ የሰሊጥ ዘይት ማፍሰስ የቆየ ልማዳቸው ነው። ወዲህ ማዶ ግን በአገሪቱ ወጥ ቤቶች በብዛት የሚፈሰው ከእስያ ተገዝቶ የሚመጣ የፓልም ዘይት ነው። በአንድ መንገድ ሰሊጥ የጫነ መኪና በገንዳ ውኃና በጭልጋ አድርጎ ይወጣል፤ በዚያው መንገድ ዘይት የጫነ መኪና ይገባል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ይህ የሆነው ገበሬው ወይም ነጋዴው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ነገሩ ወዲህ ነው። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ዶላር ከሚያስገኙ ዋና ዋና ሰብሎች አንዱ ነው። ዶላር በወረፋ በሚገኝበት ዘመን ብዙ ላኪዎች ሰሊጡን ከዓለም ዋጋ በላይ እየገዙ በኪሳራ ይልኩ ነበር፤ ኪሳራውን የሚያወራርዱት በዶላሩ ካስመጡት ሌላ ዕቃ ላይ ነበር። ዘይት ጨማቂው ግን ከዘይትና ከፋጉሎ በቀር የሚያወራርድበት ነገር የለውም። በዚህ ጨረታ ሁልጊዜ ተሸናፊ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዚህ ጨዋታ ጉልበት ላልቷል። ላኪው ዶላሩን በገበያ ዋጋ መመንዘር ከቻለ በኪሳራ የሚገዛበት ምክንያት ይቀንሳል። ጨማቂው ወደ ገበያው መግቢያ ቢያገኝ አሁን ነው።

የሰሊጥ ፍሬ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። የቀረው ፋጉሎ ከብት ያደልባል፤ ቆላው ደግሞ የከብት አገር ነው። ይህ ሲባል ሁሉም ሰሊጥ ይጨመቅ ማለት አይደለም። የሁመራና የጎንደር ነጭ ሰሊጥ በጣሂና ሠሪዎችና በዳቦ ቤቶች ዘንድ የሚፈለግ ስለሆነ፣ ምርጡ ተበጥሮና ተለይቶ ቢላክ ይሻላል። በመልኩ ምክንያት ከላይኛው ደረጃ የወረደው፣ ጤነኛው ፍሬ ግን ለመጭመቂያው ይሆናል።

«በዚህ ጊዜ ማን መተማ ላይ ገንዘቡን ያፈሳል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ገብታለች፤ በአማራ ክልልም በዚያው ዓመት ነሐሴ ግጭቱ ተባብሷል። መንገድ ሲዘጋ ሰሊጡ መጋዘን ውስጥ ይቀራል፤ የባንክ ወለዱ ግን አይቆምም። በዚህ ምክንያት ትልቅ ፋብሪካ መትከል አይመከርም። ጥቂት ነጋዴዎች በማኅበር ሆነው የሚገዙት፣ በጄኔሬተር የሚሠራ፣ ሲያስፈልግ ተነቅሎ ጎንደር የሚወርድ ትንሽ መጭመቂያ ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲያውም መንገድ በተዘጋ ጊዜ ከጥሬው ሰሊጥ ይልቅ ዘይቱ እዚያው ከተማው ውስጥ ገዢ አለው።

የሰሊጥ ዘይት ከፓልም ጋር በዋጋ አይወዳደርም የሚለውም እውነት ነው። ጠባሹ በሙሉ ይለውጠው አይባልም። ፉል ላይ የሚፈሰው ግን ማንኪያ ነው፤ ያቺን ማንኪያ ደንበኛው በጣዕሟ ያውቃታል።

ለጃፓን ገበያ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያቺ አገር ከ1998 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ የተለየ ገደብ ላልወጣለት ፀረ ተባይ ሁሉ 0.01 ፒፒኤም የሚል ወሰን አስቀምጣለች። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡና በዚሁ ጉዳይ ተይዞ ነጋዴውን ምን ያህል እንዳስደነገጠ የሚረሳ አይደለም፤ ያኔ ጥርጣሬው ጆንያው ላይ ጭምር ነበር። የመድኃኒት ጆንያ ሰሊጥ የሚሞላበት ነጋዴ ከሩቁ ባንኮኒ ራሱን በራሱ ያስወጣል።

የቶኪዮው አብሳይ የሚከፈለው ሥራውን በተመጋቢው ዓይን ፊት ስለሚጨርስ ነው። የመተማ ነጋዴ ግን ሥራውን ጀምሮ፣ መጨረሻውንና ትርፉን ለሌላ ይሰጣል። ለመጪው ጥቅምት ካፒታሉን የሚደለድል ሰው ሁሉንም በጥሬው ሰሊጥ ላይ ከማዋል ጥቂቱን ለመጭመቂያው ቢያስቀር፣ የመጀመሪያው ገዢ ደጁ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል።