መቶ በመቶ ሲል መቶ በመቶ ይሁን

ገበያተኛ ሚዛን የሚያምነው በዓይኑ ብቻ ኪሎውን ማወቅ ስለማይችል ነው። ሚዛኑ የጎደለ እንደሆነ ደንበኛ ይሸሻል፤ ስም ይጠፋል። ንግዱ ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ስልክ ከገባ ወዲህ ግን ማንም የማይመረምረው ሌላ ሚዛን መጥቷል። ይኸውም ፋይል ሲገለበጥ ወይም ሲላክ እየሞላ የሚሄደውና ምን ያህሉ እንደተላለፈ በመቶኛ የሚናገረው መስመር ነው።

ጉዳዩ ተራ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አስመጪው ኢንቮይሱንና ፓኪንግ ሊስቱን ለባንክ ሲልክ፣ ደላላውም የቤት ካርታና የመኪና ፎቶግራፍ ለገዢ ሲያስተላልፍ፣ ልጠብቅ ወይስ ልሂድ፣ የኢንተርኔት ጥቅል ልጨምር ወይስ ያለኝ ይበቃል የሚለውን የሚወስነው ይህንኑ መስመር አይቶ ነው። መስመሩ ከዋሸ ውሳኔውም ይበላሻል።

ውሸቱ ብዙውን ጊዜ ከአቆጣጠር ይመጣል። እያንዳንዳቸው 1 ሜጋባይት የሆኑ 99 ደብዳቤዎችና አንድ የ900 ሜጋባይት ቪዲዮ አብረው ይላኩ እንበል። ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው የፋይሎችን ቁጥር ከሆነ ደብዳቤዎቹ እንዳለቁ 99 በመቶ ይላል። በእርግጥ የሄደው ግን ከ999 ሜጋባይት ውስጥ 99ኙ፣ ማለትም 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ የሚገምተውም በዚያች ቅጽበት ፍጥነት ብቻ ከሆነ፣ ኔትወርኩ በተወዛወዘ ቁጥር «2 ደቂቃ ቀረ» ያለው መልሶ «1 ሰዓት» ይላል።

ከሁሉ የሚከፋው የመጨረሻው ውሸት ነው። አንዳንድ ሲስተሞች መረጃው ገና በኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ እያለ «ተጠናቀቀ» ይላሉ። ባለጉዳዩም አምኖ ፍላሹን ይነቅላል፤ ፋይሉም ተበላሽቶ ይገኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይሁንና ጥፋቱ የቸኮለው ሰው ብቻ አይደለም።

ለዚህ ገበያውም ድርሻ አለው። የማይክሮሶፍት ባለሙያ የሆኑት ማርክ ሩሲኖቪች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳብራሩት፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ መረጃው ዲስክ ላይ ሳይጻፍ የግልበጣውን መስኮት ይዘጋ ነበር። ተከታዩ ቪስታ ግን ሥራው ሊያልቅ እስኪቃረብ መስኮቱን ያቆይ ስለነበር፣ ተጠቃሚዎች «ዘገየ» ብለው ካማረሩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሆነ። እውነቱን የነገረው ተወቀሰ፤ ቀድሞ «ጨረስኩ» ያለው ተመሰገነ ማለት ነው።

ሰውን እንዳይሰለች መስመሩን ማሳመር ምን ክፋት አለው የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ እነ ክሪስ ሃሪሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ጥናት መጨረሻው ላይ የሚፈጥን መስመር ለተመልካቹ አጭር ጊዜ የወሰደ እንደሚመስለው አሳይተዋል። አንድ ፕሮግራም እስኪከፈት ለመጠበቅ ይህ ቢደረግ ብዙ ጉዳት የለውም። ገንዘብና ቀጠሮ በተንጠለጠለበት ዝውውር ላይ ግን ማባበል ማጭበርበር ይሆናል።

ስለዚህ ለድርጅቱ ሶፍትዌር የሚያሠራ ነጋዴ በውሉ ላይ ጥቂት ነገሮችን ማስፈር ይኖርበታል። መስመሩ የፋይል ብዛትን ሳይሆን ሜጋባይትን ይቁጠር። የቀረውን ጊዜ በአማካይ ፍጥነት ይገምት። ጠቅላላው መጠን ካልታወቀ መቶኛ ከመፈልሰፍ ይልቅ እስካሁን የሄደውን ብቻ ይናገር። መስመር ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥል እንጂ የተከፈለበትን ጥቅል እየበላ ከዜሮ አይጀምር። የደረሰውን ቅጂ ከዋናው ጋር ሳያመሳክርም «ተጠናቀቀ» አይበል።

እነዚህ ለፕሮግራም ሠሪ አዲስ ነገሮች አይደሉም። የሚጠይቅ ገዢ ስለጠፋ ብቻ ይታለፋሉ። ነጋዴው ዕቃ ሲረከብ ሚዛኑን እንደሚፈትሽ ሁሉ፣ ሶፍትዌር ከመረከቡ በፊትም ትልቅ ፋይል ልኮ፣ መሐል ላይ ኢንተርኔቱን አቋርጦ፣ መስመሩ ምን እንደሚል ይመልከት። የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ ፈተና በኋላ ቢሆን የሚጎዳ የለም።