ጉንዳኑን ሁሉ መግደል ማንን ይጠቅማል?

በቴክሳስ ወይም በጆርጂያ ቤት የገዛ ሐበሻ ገና ሣሩን ሳያጭድ የሚሰማው ምክር አለ፤ «ግቢህን ሁሉ መርዝ ርጭበት፣ አለዚያ እሳት ጉንዳኑ ልጆችህን ይፈጅልሃል።» የምክሩ ሥር ከሰፈር ወሬ ይጠልቃል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ገደማ ከደቡብ አሜሪካ በአላባማ ሞቢል ወደብ በኩል የገባው ቀይ እሳት ጉንዳን አገር በቀሉን ጉንዳን በጉልበቱ ያጠፋል የሚለው እምነት በምሁራንም ዘንድ ሰፍኖ ቆይቷል። ትልቁ ማስረጃ ተመራማሪዎቹ ፖርተርና ሳቪኛኖ በኦስቲን አካሂደው በ1990 ያሳተሙት ጥናት ነው፤ ጉንዳኑ በወረረው መሬት ላይ የጉንዳን ዝርያዎች ብዛት በ70 በመቶ ቀንሶ አገኙት።

ቁጥሩን አልጠራጠርም። የምቃወመው ከቁጥሩ የተቀዳውን መደምደሚያ ነው። ሎይድ ሞሪሰን ከ12 ዓመት በኋላ በዚያው ስፍራ እንደገና ሲቆጥር አገር በቀሎቹ ከወረራው በፊት ወደነበሩበት ደረጃ ተመልሰው ነበር። እሳት ጉንዳኑ አልጠፋም፤ ግን እንደ መጀመሪያው አልበዛም። ኪንግና ቺንክል ደግሞ በ2008 ባሳተሙት የፍሎሪዳ ሙከራ ነገሩን ገለበጡት። መሬቱ ሲታረስ አገር በቀሎቹ ቀነሱ፣ እሳት ጉንዳኑ በዛ፤ ባልተነካው ጫካ ሆን ተብሎ ሲጨመር ግን አልሰመረለትም። በር ሰባሪ ሲባል የኖረው ጉንዳን ባዶ ቤት ፈላጊ ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ ከንግሥቲቱ ይጀምራል። ከበረራ በኋላ ክንፏን ጥላ ጉድጓድ የምትምሰው አዲስ ንግሥት ብቻዋን ናት። እንደ እሷ ያሉትን አድነው ከሚፈጁት ዋነኞቹ በግቢው የሰፈሩ ሌሎች ጉንዳኖች ናቸው። ጉንዳኑን ሁሉ የገደለ ሰው እንግዲህ ዘበኞቹንም ገድሏል።

የአሜሪካ መንግሥት ይህን በውድ ዋጋ ተምሯል። ጉንዳኑን ለማጥፋት በ1957 የተጀመረው ዘመቻ ሄፕታክሎርና ዲየልድሪን የተባሉ መርዞችን በአውሮፕላን ጭምር አስረጨ፣ ቆይቶ ማይሬክስ ተተካ። ዘመቻው ብዙ ወፍና ዓሣ ፈጀ፤ ጉንዳኑ ግን ግዛቱን ማስፋት ቀጠለ። በ1942 ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ በሞቢል የጉንዳኑን መንደር ያገኘው የጉንዳን ተመራማሪ ኤድዋርድ ዊልሰን ዘመቻውን በኋላ ከቬትናም ጦርነት ጋር ማመሳሰሉ ያለ ነገር አይደለም።

ታዲያ ዝም ይባል? አይባልም፤ መጀመሪያ ግን ማንነቱ ይለይ። ከአገር ቤት የምናውቀው ገብረ ጉንዳን በሰልፍ ይሄዳል፣ በመንጋጋው ይነክሳል። እሳት ጉንዳን ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ በአንድ ጎጆ ውስጥ ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ ትንሽና ትልቅ ሠራተኞች ተቀላቅለው ይኖራሉ፣ ወገቡም ሁለት አንጓ አለው። ኩይሳው የላላ አፈር ነው፣ አናቱ ላይ መግቢያ ቀዳዳ አይታይም። ሲናደፍ በመንጋጋው ቆዳ ይዞ በጅራቱ ዙሪያውን ይወጋል፤ በማግስቱ ነጭ ፈሳሽ የቋጠረ ብጉር ይወጣል። ብጉሩን ማፍረጥ ቁስሉን ለኢንፌክሽን ከማጋለጥ በቀር ጥቅም የለውም። ትንፋሽ ያጠረው ወይም ፊቱ ያበጠ ሰው ካለ ግን ወዲያው 911 መደወል ነው።

የፈላ ውሃም ደጋፊ አያጣም። 11 ሊትር ገደማ ቢፈስ ከ10 ኩይሳ ስድስቱን ያህል ይገድላል፤ ከሣሩና ከአፍሳሹ እግር ጋር። የተሻለው በአኩሪ አተር ዘይት የራሰ የበቆሎ ቅንጣት ውስጥ ያለ ቀስ ብሎ የሚሠራ መርዝ ነው። አዋቂው ሠራተኛ ጠጣር መዋጥ ስለማይችል ዘይቱን ቀድቶ ወደ ጎጆው ይወስዳል፤ መርዙ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ንግሥቲቱ ዘንድ ይደርሳል። ቅንጣቱ መሬቱ ደረቅ ሲሆን ይበተናል፣ ውሃም አይጠጣበትም። ጉንዳኑ ለምግብ መውጣቱን ለማወቅ አንድ የድንች ቺፕስ ጥሎ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይበቃል። ኩይሳው ጥቂት ከሆነ ግን ግቢውን ሁሉ ሳይነኩ ለእያንዳንዱ ለብቻው መርዝ ማድረግ ይሻላል፤ ቅንጣቱም ቢሆን ከአገር በቀሎቹ አፍ አይለይም።

መርዝ ሊገዙ ከመውጣትዎ በፊት ኩይሳውን በረጅም እንጨት ነካ ያድርጉት። ጉንዳኖቹ እየተንጋጉ እንጨቱን ሽቅብ ከወጡት መርዙን ያድርጉበት፤ ዝም ብለው ከተበተኑ ይተዉአቸው።